ያልጻፍኩት ዐረፍተ ነገር

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ቀኝ ጆሮዎ ውስጥ የሚጮኸው ነገር ተወዎት ወይስ አሁንም እንደ ገና ሰሞን ነው? የእማዬ ሳልስ ረገበላት? በረዶው ከጣራው ላይ ገና አልወረደም ብለው ጽፈውልኝ ነበር። እባክዎ መሰላል ላይ ወጥተው እንዳይጠርጉት፤ ቫሲል ከፈረቃ ሲመለስ ይጥረገው፤ ለዚያ አይደል እንዴ ወንድ ልጅ ያሳደጉት። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ ባለቤቴ ራስቲስላቭም ደህና ነው። ይህን ግን በችኮላ ነው የምጽፈው። ፊደሌ አልለይ ካለዎት ለእማዬ ይስጧት፤ እሷ የእኔን ጽሕፈት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ታውቀዋለች።

አባቴ፣ ፈርቻለሁ። በስልክ እንዳልነግርዎ እርስዎ በስልክ አይሰሙኝም፤ እኔም እየጮኽኩ የምናገረው ነገር አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እጽፍልዎታለሁ፤ እርስዎም ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ በደረሰኝ ደብዳቤዎ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ፓራስኬቫ ዓይናቸው ስለደከመ ከአዲሱ የስኳር ኪኒናቸው ጋር የመጣውን ወረቀት እርስዎ እንዳነበቡላቸው ጽፈዋል። ይህን ወረቀት ከእንግሊዝኛ የተረጎመችው የእኔ ልጅ ናት ብለው አውቶቡስ ለሚጠብቀው ሰው ሁሉ መናገርዎንም ጽፈዋል። ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ የሚቀጥለውን መስመር አነበብኩ። እትዬ ፓራስኬቫ የዐቢይ ጾምን የመጀመሪያ ሦስት ቀናት እንደ ወትሯቸው በውኃ ብቻ ሊውሉ አስበው ኪኒኑ ነገር ያመጣብኝ ይሆን ብለው ጠየቁዎት። እርስዎም ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ተመልክተው፣ ስለ ጾም አንዳች ቃል እንደሌለበት አረጋግጠው፣ «አይዞሽ ጹሚ፤ ችግር ቢኖረው ሊቪያ ትጽፈው ነበር» አሏቸው።

እኔ ግን ያንን ነገር በእንግሊዝኛው ላይ ማንበቤን አስታወስኩ። ደብዳቤዎን እንደያዝኩ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ።

ሥራዬን ያውቁታል፤ እንዴት እንደምሠራው ግን ነግሬዎት አላውቅም። እንግሊዞች አንዲትን ተራ ቃል ለብዙ ሥራ ያሰማሯታል። ብርሃን የሚሉባት ቃል ሸክሙ የማይከብድ ዕቃም ናት፣ ፈዘዝ ያለ ቀለምም ናት፣ እሳት መለኮስም ናት። ቀኝ የሚሉባት ቃል ትክክልም መብትም ናት። መሮጥ ያሏት ደግሞ አፍንጫ ሲፈስም ትጠራለች፣ ሞተር ሲሠራም ትጠራለች፣ ሰው ሱቁን ሲያስተዳድርም ትጠራለች። እኛ ለእያንዳንዱ የየራሱ ቃል ስላለን በእያንዳንዷ ፊት ቆሜ የትኛዋ እንደሆነች መምረጥ አለብኝ። የምታስቸግረኝ ስትመጣ ቦታዋን ባዶ ትቼ አልፋለሁ፤ ሌላውን ስጨርስ እመለስባታለሁ። እንዲህ መሥራት ያስተማሩኝ ወንድምዎ ናቸው፣ አጎቴ ሜቶድ።

እንግሊዝኛው እንዲህ ይል ነበር፦ ምንም ሳይበሉ ወይም ቀለል ያለ ምግብ ብቻ በልተው በሚውሉበት ቀን ኪኒኑን አይውሰዱ፤ አስቀድመው ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ቀለል ያለ የሚለው ያችው የብርሃኗ ቃል ናት። ትርጉሟ ጠፍቶኝ አይደለም። በእኛ ቋንቋ በአንድ ቃል ብጽፋት የመንደራችን ሰው ለመሥራት የማያስቸግር ምግብ ብሎ ይረዳኛል ብዬ ሰጋሁ፤ ዳቦና የአሳማ ስብም እኮ ለመሥራት አያስቸግርም። አጎቴን እስክጠይቅ ብዬ ሙሉውን መስመር ባዶ ተውኩት። ከዚያ ረሳሁት። ስልክ ተደወለ፣ ሰው መጣ ብዬ አላመካኝም። ዝም ብዬ ረሳሁት አባቴ፤ ወረቀቱም ያለዚያች መስመር ታተመ።

ወዲያው ለቄሳችን ባለቤት ለፓኒማማ ደወልኩ፤ ቁጥሯ በእጄ ነበር። ሮጣ ሄዳ ነግራቸዋለች። እትዬ ፓራስኬቫ ግን በትሕትና አዳምጠው ሻይ አቅርበውላት «የሊቪያ አባት መነጽሩን አድርጎ ነው ያነበበልኝ፤ የለበትም ብሏል» አሏት። ፓኒማማ ይህን መልሳ ስትነግረኝ ለእርስዎም እንድትነግርዎ ለምኛታለሁ። ነግራዎት ከሆነ ደግሞ ስለ እኔ ምን እንዳሰቡ እፈራለሁ።

አሁን የባሰውን ልንገርዎ። እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳያልፍ መሥሪያ ቤቱ ዘዴ አለው። እኔ የጻፍኩትን ስሎቫክኛ፣ የመጀመሪያውን እንግሊዝኛ ላላየ ሌላ ሰው ይሰጡታል። ያ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። ሁለቱ እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የጎደለውም የተጣመመውም ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔና ያ ሰው መተዋወቅ የለብንም፤ ደንቡ ነው። ታዲያ ይህን የመሰለ ጉድለት እንዴት አመለጣቸው ብዬ የተመለሰውን ወረቀት ከፈትኩት። ባዶ የተውኩት መስመር እዚያ ሞልቶ ተቀምጧል፣ ቃል በቃል፣ ከነነጥቡ። እኔ ያልጻፍኩትን ዐረፍተ ነገር አንድ ሰው ተርጉሞታል። ተነስቼ በሩን ቆለፍኩ፤ ለምን እንደቆለፍኩት እስከ አሁን አላውቅም።

ሰውየው ማን እንደሆኑ ግን አውቅ ነበር። ተማሪ ሳለሁ አራት ዓመት በቤታቸው ኖሬ፣ ደብተሬን እሳቸው እያረሙልኝ የተማርኩ ልጅ ነኝ፤ የአጎቴን አጻጻፍ አንድ ገጽ ሳላገባድድ እለየዋለሁ። ካወቅኩ ዓመት አልፎኛል። በባለቤቴ ስም ስለምጠራ ዘመዳሞች መሆናችንን መሥሪያ ቤቱ አያውቅም። መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርኩም። ሥራዬ በእሳቸው እጅ ማለፉ ደስ ይለኝ ነበር፤ አንድም ጉድፍ ሳይገኝብኝ ሁለት ዓመት ስሠራ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ በእሳቸው ላይ አላላክከውም።

ረቡዕ ከሥራ በኋላ ፔትርዣልካ ወደሚገኘው ቤታቸው ሄድኩ። ሽርጣቸውን አገልድመው ሊጡን በድንች ሞልተው ፒሮሂ እየቀቀሉ ነበር፤ እንደ አያቴ ጠርዙን በሹካ እየጫኑ። ሳትበዪ አትናገሪ አሉኝ። እኔ ግን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አንስተው አነበቡት። አልካዱም አባቴ፤ ቢክዱ ይሻለኝ ነበር።

«ባዶውን አየሁት» አሉኝ። «ረስታው ነው፣ ብትጠየቅ ታፍራለች ብዬ እንግሊዝኛውን ከአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አውጥቼ ሞላሁልሽ። ደውዬ ልነግርሽም አስቤ ነበር፤ ግን መተዋወቃችን ክልክል ነውና ደንብ አላፈርስም ብዬ ተውኩት።»

እስቲ ምን ይባላል? አንዱን ደንብ አክብረው ሌላውን ናዱት። የሞሉልኝ እኮ እንግሊዝኛውን ነው፣ ኪኒኑን የሚውጠው ሰው የሚያነበው ስሎቫክኛውን ነው አልኳቸው። ጭልፋውን አስቀመጡት። ስንት ወጣት በአንዲት ቃል የተነሳ ሥራው ሲመለስበትና ሲባረር እንዳዩ፣ እኔን በገዛ እጃቸው መጣል እንዳልሆነላቸው ነገሩኝ። ከእኔ ወረቀቶች ስንቱን እንዲህ እንግሊዝኛውን አጠገባቸው ዘርግተው እንደመለሱ ጠየቅኳቸው። ሁሉንም አሉኝ። ዐሥራ አራት ናቸው አባቴ። የሌሎችንስ ብላቸው የሌሎችን እንደ ደንቡ ነው የሠራሁት አሉኝ። አምናቸዋለሁ፤ ግን ማመኔ ለማን ይጠቅማል?

ከበሩ ስወጣ እጄን ያዙኝ። የረሳሁትን መስመር ብቻ እንድናገር፣ የእሳቸውን ነገር እንድተወው ለመኑኝ። «ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጠዋት የምነሳለት ሌላ ነገር የለኝም» አሉኝ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ እንዴት እንደሚኖሩ እርስዎ ያውቃሉ። ምንም ሳልመልስላቸው ወጣሁ፤ ዝምታዬን እሺታ አድርገው ቆጥረውት ይሆናል።

ከዐሥራ አራቱ ዘጠኙ በየመድኃኒት ቤቱ ገብተዋል። አንዱ የልብ ነው። አንዱ ለሕፃናት የሚሰጥ ሽሮፕ ነው። በዚያ ውስጥ ምን ያህል ብርሃን፣ ምን ያህል ቀኝ፣ ምን ያህል መሮጥ እንዳለ እኔ ነኝ የማውቀው፤ የትኛዋን በየትኛዋ ቦታ እንዳስገባሁ ከእኔ ሌላ ማንም አልመረመረም። ሁሉንም መልሼ አነበብኳቸው። ምንም አላገኘሁም። ይህ ራሱ አስፈራኝ፤ ያኔም ባዶውን እያየሁ አላየሁትም ነበርና። አምቡላንስ በመንገዱ ሲያልፍ ድምፁ እስኪርቅ ባለሁበት ደርቄ እቀራለሁ። የማላውቃት አንዲት እናት በአንድ እጇ ማንኪያ፣ በሌላው የእኔን ወረቀት ይዛ እየታየችኝ ቡናዬን እንኳ መጨረስ አቃተኝ። እትዬ ፓራስኬቫን ቢያንስ አውቃቸዋለሁ፣ ቢያንስ ደጃቸው የሚሄድ ሰው አለኝ። ለሌሎቹ ማን ይሄድላቸዋል?

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። የክፍላችን ኃላፊ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። በመጨረሻ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰውን ሰው ስም ጠየቀችኝ። ስማቸው በመዝገቡ ላይ አለ እኮ፤ ግን ከእኔ አፍ ልትሰማው ፈለገች። ሜቶድ ብዬ ስናገር የእርስዎ ፊት ነው የመጣብኝ። ከዚያ በሩን ዘግታ ለአምራቹ ደወለች። የስኳሩ ወረቀት ዛሬውኑ ከየመድኃኒት ቤቱ ይሰበሰባል ተብሏል፤ ዐሥራ አራቱንም ሌሎች ሰዎች እንደ አዲስ ይመረምሯቸዋል። እኔ ውጤቱ እስኪታወቅ ከሥራ ታግጃለሁ። የአጎቴ ሥራ ግን አብቅቷል፤ ደብዳቤው ነገ ይደርሳቸዋል።

አባቴ፣ ወንድምዎ ናቸው። እኔን ለአራት ዓመት ያኖሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እርስዎም ይህን ውለታ በየፋሲካው ሲያነሱ እሰማለሁ። ይህን አንብበው ከእሳቸው ጎን ቢቆሙ አልፈርድብዎትም። ግን እንዳይተዉኝ እፈራለሁ፤ ይህንንም ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ። በእኔ ቢቆጡ እንኳ እባክዎ ለእሳቸው ይጻፉላቸው። ብቻቸውን ናቸው።

ይህ ደብዳቤ በፈጣን ፖስታ ነገ ይደርስዎታል። እንዳነበቡት ኮትዎን ደርበው እትዬ ፓራስኬቫ ቤት ይሂዱልኝ። ሌላ ሰው እንዳይልኩ፤ ጹሚ ያሏቸው እርስዎ ነዎት፣ ከእርስዎ ካልሆነ ከማንም አይሰሙም። ልጄ ተሳስታለች ይበሏቸው፤ እንዲሁ በአጭሩ። ሳይበሉ ኪኒኑን እንዳይውጡ፣ መጾም ካለባቸውም ቅዳሜ ሳይመሽ ስኒና ከተማ ያለውን ሐኪም በስልክ እንዲጠይቁ ያድርጉ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ተመልሰው ሄደው ምን እንደወሰኑ በዓይንዎ ይዩልኝ። ደህና ናቸው የሚል አንድ መስመር ብቻ ቢጽፉልኝ ይበቃኛል።

እማዬን አንገቷን አቅፈው ይሳሙልኝ፤ ብታለቅስ ሊቪያ እየበላች ነው፣ እየተኛች ነው ይበሏት፤ ግማሹ እውነት ነው። ለቫሲልና ለሚስቱ ሰላምታዬን ያድርሱ። ትንሿን ልጃቸውን ዶሮቴያን ጉንጯን ይቆንጥጡልኝ፤ የላከችልኝ ሥዕል ግድግዳዬ ላይ ነው። ለቄሳችንና ለፓኒማማ ምስጋናዬን ያቅርቡ፤ በዚያ በረዶ ለእኔ ብላ መሮጧን አልረሳውም። ራስቲስላቭ እጅ ነስቷል፤ ከጎኔ ተቀምጦ ምድጃውን እየቆሰቆሰ ነው።

የአጎቴን ሰላምታ ግን አልያዝኩልዎትም። ከመሥሪያ ቤት እንደወጣሁ ሌላ ሰው ሳይነግራቸው እኔው ልንገራቸው ብዬ ሄጄ ነበር። ደወሉን ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሬዲዮናቸው ይሰማል፣ እሳቸው ግን አልከፈቱም። በበሩ በኩል ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስጨርስ ሬዲዮኑ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ምንም ድምፅ አልነበረም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጆሮዬን አቅንቼ ጠበቅሁ። ብዙ ከቆየሁ በኋላ አጎቴ ከውስጥ ሲያስሉ ሰማሁና ተነስቼ ወደ ቤቴ መጣሁ።

ልጅዎ ሊቪያ

ብራቲስላቫ፣ ሐሙስ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2023