በሞቃት መንገድ መካከል ለተተከሉት አርባ የበረዶ ወንበር ማቆሚያዎች የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ዶክተር ሜርቪ ራውታሳሎ
የቬሲኔቫ ዩኒቨርሲቲ የግቢ ፕላንና ትራንስፖርት ዳይሬክተር
ባሉበት

የተከበሩ ዳይሬክተር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ጉልበትዎ የጸና፣ ወገብዎም እስከ እርጅናዎ የማይከዳዎ ይሆን ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ፤ በግቢዎ ውስጥ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ለመድረስ ሦስቱም እንደሚያስፈልጉ ምስክር ነኝና። ስሜ ኤንሲዮ ሃውካኔቫ ነው። ሰባ ሰባት ዓመቴ ሲሆን ባለቤቴን ሳይሚን ከቀበርኩ አራት ክረምት አልፏል። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደብዳቤ ሳመላልስ ኖርኩ እንጂ ስጽፍ አልኖርኩምና ጉድለት ቢያገኙብኝ በትዕግሥት ይለፉኝ።

ባለፈው መስከረም «ግቢያችንን አብረን እናሻሽል» ብላችሁ የከተማውን ሰው ስትጠሩ እኔም መጥቼ ነበር። ለቀረፋ ዳቦው አመሰግናለሁ፤ ሦስት በልቻለሁ። በተሰጠኝ ቢጫ ወረቀት ላይ «በግቢው መካከል ወደ ደብሩ አዳራሽ የሚያልፈውን መንገድ በክረምት በረዶውን አትንኩብን፤ በበረዶ ወንበር የምንሄድበት ነው» ብዬ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። እርስዎ ከደቡብ ስለመጡ ምናልባት አያውቁት ይሆናል፤ የበረዶ ወንበር ማለት ሁለት ረጃጅም የብረት እግሮች ያሉት፣ አንድ ሰው ከፊት የሚቀመጥበት፣ ሌላው ከኋላ ቆሞ በአንድ እግሩ መሬቱን እየገፋ የሚያስኬደው ነው። በጠነከረ በረዶ ላይ ይበራል። በድንጋይ ላይ ግን ወንበር ብቻ ነው።

በእኔ ወንበር ፊት የምትቀመጠው የሳይሚ ታላቅ እህት ሂልያ ናት፤ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። እግሯ ከድቷታል፣ አንደበቷ ግን እስካሁን ታማኝ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ለአተር ሾርባና ለመዝሙር ወደ ደብሩ አዳራሽ እወስዳታለሁ። በክረምት ከቤት የምትወጣው ለዚህ ብቻ ነው፤ ሐሙስ ከቀረባት ሳምንቱን ሙሉ የምታየው ግድግዳዋን ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ) ተማሪ እንዳይንሸራተት ብላችሁ ዘንድሮ ከድንጋዩ ሥር የሙቅ ውኃ ቧንቧ ስለዘረጋችሁ አመሰግናለሁ። ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ሲሆን መንገዳችሁ እንደ ሳውና ይተናል። በመጀመሪያው ሐሙስ ቁልቁለቱን በመዝሙር ታጅበን ስንወርድ፣ በራችሁ ላይ ስንደርስ ብረቱ ድንጋዩን ነከሰና ወንበሩ ቆመ። ሂልያ አልቆመችም። ከመንገዱ ዳር የበረዶ ክምር ውስጥ ገባች። ገደልኳት ብዬ ስሮጥ በጀርባዋ ተንጋልላ ትስቃለች። «አንተ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜህ ፍሬን መያዝ አልተማርክም?» አለችኝ። «እኔ አልያዝኩም፣ ዩኒቨርሲቲው ነው የያዘው» አልኳት። «እንግዲያው ንገራቸው፤ ለመግቢያ ፈተናቸው ይህን ያህል መብረር ካለብኝ፣ ሳልማር ልሙት!»

ጎማ ያለው ወንበር ውሰድ ትሉኝ ይሆናል። ከደጇ እስከ በራችሁ በረዶ ነው፣ ጎማ ይሰምጣል፤ ከበራችሁ ወዲያ ድንጋይ ነው፣ ብረት አይሄድም። ሁለቱንም ልሸከም ብል ሂልያን ማን ይሸከማታል?

፪ኛ) ቢሮዎ በትሕትና ያመለከተን ነጻው ሹፌር አልባ አውቶቡስ አስተማሪ ነበር። አንድ ጎረቤት በመኪና እስከ ፌርማታው አድርሶን ተሳፈርን። አንድ ቁራ መንገዱ ላይ ተቀመጠ። አውቶቡሱ ጠንቃቃ ስለሆነ ቆመ፤ ቁራው ቁራ ስለሆነ አልተነሣም። አሥራ ስምንት ደቂቃ ተያዩ። ሂልያ መስኮቱን በከዘራዋ እያንኳኳች «ጌታው፣ ይወስኑ እንጂ! እኛም ዕድሜያችን እያለቀ ነው» አለችው። አዳራሹ ስንደርስ የሾርባው ድስት ታጥቦ ተደፍቷል።

፫ኛ) ይህኛው የእኔ በደል ነው። በዚያ የመስከረም ስብሰባ ቢጫ ወረቀቴ ብቻዋን ቀርታ ባይ ጊዜ ስድስት ሌሎች ጨመርኩ፤ ሁለቱን ጽሕፈቴ እንዳይታወቅ በግራ እጄ፣ አንዱን «ጉዳዩ ያሳሰባት ተማሪ» ብዬ ፈርሜ። ማታ ማታ ቅዱስ መጽሐፍ የማነብ ሰው ነኝ። ያደረግኩት ለሂልያ ነው ወይስ ማሸነፍ ስለጣፈጠኝ ብዬ ራሴን ብጠይቅ ንጹሕ መልስ አላገኘሁም። ሳይሚ ብትኖር «መጀመሪያ ሾርባህን ጠጣ፣ ከዚያ ትቆጣለህ» ትለኝ ነበር። ይሁን እንጂ በኅዳር ባወጣችሁት ሪፖርት «የበረዶ ወንበር ተጠቃሚዎች ፍላጎት ከልዩ ልዩ የማኅበረሰብ ክፍሎች በስፋት ተነሥቷል» የሚለውን ሳነብ ፊቴን በትራስ ሸፈንኩ፤ እፍረቱ ቀደመ ወይስ ሳቁ፣ እግዚአብሔር ያውቃል።

፬ኛ) ለሰባቱ የማኅበረሰብ ክፍሎች የሰጣችሁት ምላሽ ግን ከጸሎቴም በላይ ሆነ። በሞቃቱ መንገድ መሐል ለአርባ የበረዶ ወንበሮች የሚሆን፣ ጣሪያ፣ መብራትና ቁልፍ ያለው ማቆሚያ ሠራችሁልን። በመንገዱ ላይ ወዲህም ወዲያም እስከ መቶ ኀምሳ እርምጃ ድረስ በረዶ የለም። ሄጄ ዞሬ አየሁት፤ በተራራ ጫፍ ላይ የተሠራ የጀልባ ወደብ ይመስላል፤ እንደዚያም ውብ፣ እንደዚያም ጭር ያለ ነው። በሚመጣው ሐሙስ ሲመረቅ እኔና ሂልያ «በበረዶ ወንበራችን ደርሰን» የመጀመሪያ ተጠቃሚ እንድንሆን የላካችሁት ግብዣም ደርሶናል።

እንመጣለን። ሂልያ ለመዘምራኑ ሁሉ ነግራለች፤ አሥራ አራት ናቸው፣ ከሰባ ስምንት ዓመት በታች የለባቸውም፣ ሁሉም የበረዶ ወንበር አላቸው። ስለዚህ ከበሩ እስከ ማቆሚያው የሚሸከሙን፣ ለአንድ ወንበር ሁለት ሁለት ብርቱ ሰዎች እንዲመደቡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሂልያ በበኩሏ «እኔን ዶክትሬት ያላቸው ይሸከሙኝ፤ ምን ያህል እንደምከብድ በጥናት ያረጋግጡት» ብላለች።

ይህ ካልተመቸ ቀላል መንገድ አለ። ስሙን ቢኮረኩሩኝም የማልናገረው አንድ የጥገና ሠራተኛችሁ እንደነገረኝ፣ ቧንቧው በመንገዱ ግራና ቀኝ ለየብቻ የተዘረጋ ነው፤ ለየራሱም መዝጊያ አለው። የግራው ቢዘጋ የመንገዱ ግማሽ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ተማሪው በቀኝ ይራመዳል፣ እኛ በግራ እንንሸራተታለን። ለመዝጋት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል ብዬ ብጠይቀው «የጫማ ክር እስኪታሰር» አለኝ። «ታዲያ ለምን አትዘጋውም?» አልኩት። «አባቴ፣ እጅ አለኝ፤ ትእዛዝ የለኝም።»

ልመናዬ በሙሉ ይኸው ነው፤ ለአንድ እጅ አንድ ትእዛዝ። በላዩም እንዳያንሸራትት ተብሎ ጠጠር አይበተንበት። የሚቀጥለው የሕዝብ አስተያየት መድረክ የዛሬ ሁለት ዓመት መሆኑን ድረ ገጻችሁ ላይ አይቻለሁ። ለግቢው ሁለት ዓመት ምንም አይደለም። ለሂልያ ግን ስንት ሐሙስ እንደቀራት እኔም አላውቅ፣ እርስዎም አያውቁ።

በጥልቅ አክብሮት፣ በማያልቅ አድናቆት፣ ጫማዬን አውልቄ በሞቀው ድንጋይዎ ላይ በካልሲ ቆሜ እጅ እነሣለሁ፤

ኤንሲዮ ሃውካኔቫ
ጡረተኛ ፖስተኛ፣ እንዲሁም ልዩ ልዩ የማኅበረሰብ ክፍሎች

ተጨማሪ፦ ሐሙስ ጠዋት የመንገዱ ግራ ጎን ነጭ ሆኖ ቢገኝ፣ እባክዎ አጣሪ ኮሚቴ ለማቋቋም አይድከሙ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስጸልይበት ቆይቻለሁና ተጠርጣሪው በሥልጣን ከእርስዎ ከፍ ያለ ነው፤ ስለ ግቢያችሁም እስከ ዛሬ አስተያየቱን የጠየቀው የለም።