ጉልበቴና የጓዳው ወለል

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? ያ ጠዋት ጠዋት የሚያስልሽ ነገር ተወሽ፣ ወይስ ለእኔ ስትይ ነው ደህና ነኝ የምትይው? እኔ ከናፍቆትሽና ከዚህ እግሬ በቀር ደህና ነኝ። በስልክ ስለ እግሬ ስትጠይቂኝ ሆዴ ይባባና ወሬ እለውጥብሻለሁ፤ ስለዚህ መጻፉ ይሻለኛል።

የሆነው እንዲህ ነው። የአንድ ሳሎን ወለል ሴራሚክ እያነጠፍኩ ነበር። መቼም የእኛ ሥራ ተንበርክኮ ከውስጠኛው ጥግ መጀመርና ወደ ኋላ እያፈገፈጉ በበሩ መውጣት ነው። ግማሽ ላይ ስደርስ ሴራሚክ ላነሳ ዞር ስል ቀኝ ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለና እሳት ለቀቀብኝ። ቀለም ቀቢው ጓደኛዬ ተው ተነስ ቢለኝ፣ የተቦካ ስሚንቶ ጥዬ አልነሳም አልኩት። እዚያው ጉልበቴ ላይ እየተጎተትኩ እስከ በሩ ጨረስኩት። ከዚያ በኋላ እግሬ አልዘረጋ አለኝ።

ሐኪሙ ጉልበትህ መጋጠሚያ ውስጥ ያለው ልም አጥንት ተቀዷል፣ ያኔውኑ ተነስተህ ቢሆን ይሄን ያህል ባልተጎዳህ አለኝ። አየሽ፣ ለአንድ ባልዲ ስሚንቶ ስል ጉልበቴን ሰጠሁ። አንጣፊ ካልሆነ ማን እንዲህ ያደርጋል?

ከዚያ ወዲህ ፎጣ ጠቅልዬ ከጉልበቴ ሥር አደርግና ወደ ታች ስጫን እውላለሁ። እንቅስቃሴውን የምታሠራኝ የሐኪም ቤቱ ባለሙያ ልም አጥንት ደም በደንብ ስለማይደርሰው ቀስ ብሎ ነው የሚድነው፣ ታገስ ትለኛለች። መታገሱንስ ታገስኩ፤ ደረጃ ስወርድ ግን አሁንም እንደ ሕፃን አንዱን እግሬን አስቀድሜ ሌላውን አስከትላለሁ። ባለቤቴ መቆጣት ትታለች፤ ድሮ በረባ ባልረባው የምንጨቃጨቀው ናፈቀኝ። ጎንበስ ብላ ጫማዬን ስታስርልኝ ኮርኒሱን አያለሁ።

በቀደም አለቃችን ቆመህ ሴራሚክ ቁረጥልን ብሎ ጠራኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በእኔ ቦታ የገባው አንጣፊ መስመሩን ሲያንሻፍፈው ሳይ አላስቻለኝም፤ ላቃናለት ተንበረከክሁ። መንበርከኩንስ ተንበረከክሁ፣ መነሳቱ ግን እምቢ አለ። አለቃውና ቀለም ቀቢው በብብቴ ይዘው አነሱኝ። ቀለም ቀቢው፣ ያ ቀልደኛ፣ ምነው እዚሁ ልትነጠፍ አማረህ ወይ ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ማንም አልሳቀም።

በማግስቱ ሐኪሙ ቁርጡን ነገረኝ። በእግርህ ትሄዳለህ፣ ቆመህም ትሠራለህ፤ ተንበርክኮ መሥራት ግን አበቃ አለኝ።

እማዬ፣ ይህን ሁሉ የማወራሽ ስለ ጓዳሽ ወለል ነው። ልጄ መጥቶ ካላነጠፈው ማንም እጁን አያስገባበትም ብለሽ ይኸው ስንት ዘመን አፈሩን ውሃ እየረጨሽ ትጠርጊዋለሽ። ወገብሽን የያዘሽ የዚያ ወለል ቅዝቃዜ ነው። እኔን አትጠብቂ፤ ሌላ ሰው ያንጥፈው። ይህችን መስመር ለመጻፍ ምን ያህል እንደከበደኝ አንቺው ታውቂዋለሽ።

እህቴን ሳሚልኝ፤ የወገብሽን ነገር ሳትደብቅ ትጻፍልኝ። ጩጬውን የእህቴን ልጅ ጉንጩን ቆንጥጪልኝ። አጎቴን ምርኩዝ በመያዝ ቀደመህ በይው፤ እሱ ይስቃል። ባለቤቴ ጉልበትሽን ትስማለች።

አንጣፊውን ከጥጉ ጀምሮ ወደ በሩ እንዲመጣ ንገሪው። ከበሩ ደፍ ሥር የምትገባውን የመጨረሻዋን ሴራሚክ ግን እንዳይገጥማት፤ ቦታዋን ክፍት ተዪልኝ። እሷን ስመጣ ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እግሬን ዘርግቼ እገጥማታለሁ።

ልጅሽ

ከኪራይ ክፍላችን፣ ጥቅምት 9 ቀን