ነፃ የተባልሽበት ጽሑፍ

ጥቅምት 14 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣ ለድንቡሼ፤

እንዴት ነሽልኝ? ሳሉ ተወሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ታካሚ ሳገላብጥ መዋሉ ወገቤን ያዝ ያደርገኛል እንጂ።

የላክሽው ፖስታ ከነፈተና ጽሑፍሽ ደረሰኝ። ዩኒቨርሲቲሽ የመመደቢያ ፈተናሽን አይቶ «ከጽሑፍ ኮርሱ ነፃ ነሽ» እንዳለሽ አነበብኩ። ከመቶ አርባ ተማሪ ሦስት ብቻ! እልል አልኩልሽ። እውነቱን ልንገርሽና፣ እልልታው ከጉሮሮዬ አላለፈም።

በዚያው ሳምንት እኔም ተፈትኜ ነበር። ደብቄሽ ነው። ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ ላሳድግ ብመዘገብ፣ ነርስም ብትሆን የጽሑፍ ኮርስ ሳትወስድ አትመረቅም አሉኝ። «የማትረሱትን ቀን ጻፉ» አሉን፤ አንድ ሰዓት ሰጡን። ሆስፒታላችን ውኃ ስለጠፋበት ቀን ጻፍኩ። ውጤቱ ሲለጠፍ ስሜን ከታች አገኘሁት፦ መሠረታዊ ጽሑፍ፣ ክሬዲት የማይያዝበት። ሙሉ ሴሚስተር፣ ከወለድኳቸው ከማይበልጡ ልጆች ጋር አንቀጽ ምን እንደሆነ ልማር! አንቺ ትምህርት ቤት ሳለሽ ድርሰትሽን ማን ነበር የሚጽፍልሽ?

የፈተና ጽሑፍሽን ነርሶች ማረፊያ ክፍል ወስጄ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እማዬ ስለሞተችበት ከሰዓት የጻፍሽውን። «እጇ እጄ ውስጥ እንዳለ ቀዘቀዘ» የሚለው ጋ ስደርስ የክፍላችን ኃላፊ እንባዋን በጋውኗ ጠረገች።

«ይቺ ልጅ እኮ ተሰጥቷታል! ከማን ወረሰችው?»

«ከእናታችን» አልኳት። ከእኔ ማለት አፍሬ። ውስጤ ግን እርር ድብን አለ።

ያን ቀን ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ቤት ቁልፍ እየደረደርሽ ትጫወቺ ነበር። አልጋው አጠገብ የነበርኩት እኔ ነኝ። ባለቀስሽ ቁጥር ታሪኩን የነገርኩሽም እኔ። የእኔን ቀን ወሰድሽብኝ፤ ወስደሽም አሳመርሽው። ያንገበገበኝ ማሳመርሽ ነው።

በንዴቴ ፈተናዬን ወዳረመው የጽሑፍ መምህር ገሰገስኩ። ወረቀቴን አገላበጠና፣

«ይሄ የተረኛ ሪፖርት ነው» አለኝ። «ውኃ ጠፋ፤ ባልዲ መጣ፤ ታካሚዎች ታጠቡ። እርስዎ የት አሉ?»

«እኔማ ባልዲ ተሸክሜ ነበር!»

ሳቀ። «ቅር ካለዎት ዓርብ ደግመው ይፈተኑ።»

ዓርብ ሄድኩ። ጥያቄው ያው ነው። ስለ እማዬ ልጽፍ «እጇን ይዤ» ብዬ ጀመርኩ። ያንቺ ዓረፍተ ነገር ሆነብኝ። ሰረዝኩት። ከዚያ፣ አንቺን ለመብለጥ ይሁን ሌላ እግዜር ይወቀው፣ ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልተነፈስኩትን ጻፍኩ።

ድንቡሼ፣ እጇን አልያዝኩም። «እግሬን በረደኝ» ስትለኝ ውኃ ላሞቅላት ተነሳሁ። ክብሪት አለቀብኝ። ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ልለምን ሄጄ፣ በሩ ላይ ቆሜ ወሬ ጀመርን። ሳቅሁም። አንቺም እዚያው ነበርሽ፤ ስስቅ አይተሽኛል፤ ረስተሽው ነው። ስመለስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። በኋላ «እማዬ ብቻዋን ነበረች እንዴ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ አፌ ያመጣልኝን፣ «እጇን ይዣት ነበር» አልኩሽ።

ሰኞ ውጤት ወጣ። ወደ ዋናው ኮርስ አሳልፈውኛል፤ ነፃ ግን አላሉኝም። መምህሩ ወረቀቴ ግርጌ የጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ነጠላ ሰረዝ አብዝተዋል።»

ጽሑፍሽን ቀይሪ እያልኩሽ አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንቺ የነገርኩሽን አምነሽ ጻፍሽ። መጀመሪያ ላይ እውነቱን ልነግርሽ ያሰብኩት ደስታሽን ላደፈርስብሽ ነበር፤ ይኸው እሱንም ተናዘዝኩ። አሁን ግን ወረቀትሽን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ፤ በሥራ መሐል አውጥቼ አነበዋለሁ። ቅናቴ አልለቀቀኝም። ባንቺ ወረቀት ላይ ግን እማዬ ብቻዋን አልሞተችም።

የጀመርሽውን ያስፈጽምሽ፤ ደግ ሰው ያጋጥምሽ፤ ክፉ ዓይን አይይሽ፣ የእኔም ቢሆን። ብትቆጪም፣ ቁጣሽንም ቢሆን ጽፈሽ ላኪልኝ።

እትዬሽ