የግራ እጅ ልክ

እንጅባራ፣ ኮሶበር
ጥቅምት 18 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለግራኙ አስማረ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ ካንተ ጋር ግን ጠብ አለኝ። ሁለት ቅጠል ወረቀት ልከህ አንዱን ሙሉ መዳፍህ በላው። ሰው ሦስት ዓመት ከአገሩ ርቆ ሲጽፍ ወሬ ይልካል እንጂ እጁን ይልካል? ያውም ግራህን በቀኝህ ስለሣልከው ጣቶችህ ከጠላ ቤት እንደወጣ ሰው ይንገዳገዳሉ። አውራ ጣትህማ ከሌሎቹ ተጣልቶ ወደ ወረቀቱ ጥግ ሸሽቷል። ከሥሩ በቀረችው ቦታ «አባቴ እንዴት ነው?» ብለህ በደቃቅ ፊደል ጽፈሃል። እሷን ለማንበብ ወደ ደጅ ይዤ መውጣት ነበረብኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ አስማረ። በጨው መጠቅለያ ጋዜጣ ፊደል የቆጠረ ዓይን ከዚህ በላይ ምን ይሁን።

የጻፍከው ገብቶኛል። የአዲስ አበባው እቃ ሁሉ ለሰፊ ሸማና ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው፤ አንተ የምትሠራው ጠባብ መቀነት ነው። አለቃችሁ ደግሞ ከኅዳር ሚካኤል በኋላ የራሱ እቃ ለሌለው ቦታ የለኝም ብሏል። ስለዚህ ወሩን ሙሉ እንዳንተ ሸማኔ ሳልሆን ለሸማኔ አገልጋይ ሆኜ ከረምኩ።

በቀርቀሃው ጀመርኩ። ቀርቀሃ በኛ አገር እንደ ሐሜት ሞልቷል ብዬ ተዘናግቼ፣ ከጓሮዬ ቆርጬ ማግ የሚጠመጠምባቸውን ቀሰሞች ስምንት አድርጌ አዘጋጀሁ። በሳምንቱ ደርቀው እንደ አሮጊት ጉንጭ ተሰረጎዱ። ለካ የቆረጥኩት የዘንድሮ ቡቃያ ነው። ቀርቀሃ መሐል ተወልጄ፣ በቀርቀሃ አጥር ውስጥ አርጅቼ፣ ለጋውን ከበሰለው አለመለየቴን ለማንም አትንገር። ሦስት ክረምት ያለፈበትን ፍለጋ ቁልቁለቱን ወርጄ ስመለስ ጉልበቴ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። አሁን ግን ስምንቱም እንደ ዋሽንት ቀጥ ብለዋል።

ማጉን በድሩ መሐል የምታሾልክበትን መወርወሪያ ከበሬ ቀንድ ሠራኋት። ቀንዱን በሙቅ ውሃ አለሰለስኩ፣ በሞረድ ሞረድኩ፣ በመዳፍህ ሥዕል ላይ እያስቀመጥኩ ለካሁ። የጣት ማሳረፊያዋን ለግራ እጅ ቦርቡሬልሃለሁ።

ጥለት ስታወጣ ክሩን እየለቀምክ የምታነሳበት የጃርት እሾህ ከጎረቤቴ ከወርቅአየሁ ተገኘ። ጃርት ድንቿን ቆፍሮ ሲሄድ የጣለውን እሾህ ለቅማ ታስቀምጣለች።

«ለጸጉርህ ነው እንዳልል ጸጉር የለህም» አለችኝ።

ላገባ ነው አልኳት።

«እንግዲያው ሁለት ውሰድ። ሙሽሪት አንተን ከምታይ ዓይኗን ትውጋበት።»

እነሆ ሁለቱም ለአንተ። የሴትዮዋ ምላስ ከእሾሁ የባሰ መሆኑን ለማስረጃ ጻፍኩልህ።

የቀረው የማግ መምቻው ነው። እሱ እንደሌሎቹ በቀላሉ እሺ አላለኝም። ማግን እየመታ የሚያጠብቅ፣ እንደ ቢላ ጠርዙ የሳሳ፣ ከባድ እንጨት መሆን አለበት፤ እሱ ከሌለ የምትሠራው መቀነት ሳይሆን ወንፊት ነው። ከኮሶ ሠራሁ፤ ቀለለ። ከእርጥብ ወይራ ሠራሁ፤ ሲደርቅ ተጣመመ። ሌላ ሠራሁ፤ ተሰነጠቀ። ቢጨንቀኝ ሙያውን ያስተማረህን አበረን ልጠይቅ ዳንግላ ድረስ ሄድኩ። ሽማግሌው ከሽመና ጉድጓዱ ሳይወጣ፣ እጁም ሳያርፍ፣ ያ ግራኝ ዛሬም ክር ሲበጠስበት ይሳደባል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ እንጨቶቼን አንድ ባንድ አገላበጠና መለሰልኝ።

«ወይራ ይሁን። ግን ካንተ ዕድሜ በላይ የደረቀ ወይራ።»

እንዲህ ያለ ወይራ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ያባታችን ድግር። ከማረሻው ግራና ቀኝ ታስሮ አፈር ሲገለብጥ የኖረው፣ አባታችን ከሞቱ ጀምሮ ከአባትህ ከአድማሴ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው።

ሄድኩ። ደጁን ስረግጥ ከሦስት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ጠፍሩን በሞራ እያሸ ነበር፤ ሲያየኝም ማሸቱን ቀጠለ። ድግሩን ለመጥረቢያ እጀታ እፈልገዋለሁ አልኩት። እሱ ሲቆጣ በአገውኛ ነው፤ ባባታችን ድግር ማገዶ ልትፈልጥበት ነው ወይ ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ውሸቴን ያወቀብኝ ይመስለኛል። ስዋሽ ሳቄ እንደሚበዛ ከልጅነታችን ያውቃል።

አስማረ፣ አንድ ነገር ልጻፍልህ፤ እስከ ዛሬ ጽፌልህ አላውቅም። አንተ የሄድክ ዓመት በጥር ጊዮርጊስ፣ አንተ የሠራህልኝን ቀይና አረንጓዴ መቀነት በፈረሴ ግንባር አስሬ ወጣሁ። ሰው ሁሉ የማን እጅ ነው እያለ ከበበኝ። ዝም ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ያ ሁሉ ፈረሰኛ እየሰማ፣ የአድማሴን ልጅ ጠይቁት፣ ዳንግላ ለትምህርት ብሎ የላከው ልጁ የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ነው አልኩና ሳቅሁ። ከኋላ አንዱ «የሸማኔ አባት» ሲል ሰማሁ፤ አባትህም ሰማ። የዚያኑ ዕለት እቃህን እሳት ውስጥ ጨመረው፤ በነጋታው አንተ አገር ለቀህ ሄድክ። ያነደደው እሱ ነው፤ እንጨቱን የለቀምኩት ግን እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ እሱ ወደ ማሳው ያያል፣ እኔ ወደ ሰማይ። ወንድም እያለ ሰማይ ማየት ያደክማል።

«አባቴ እንዴት ነው?» ላልከው። ያርሳል፣ ይበላል፣ አልታመመም። ስምህን አይጠራም። ከሸዋ በኩል የጭነት መኪና ሲመጣ ግን በሬዎቹን ያቆማል። መኪናው አልፎ አቧራው እስኪተኛ ድረስ እርፉን እንደያዘ ይቆማል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ይህን ያየሁት ከአጥሬ ሥር ተደብቄ ነው።

እናትህ የሻረግ ደግሞ ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጎራ አለች። ደብዳቤህን አነበብኩላት። ስጨርስ የመዳፉን ወረቀት አውሰኝ አለች። ለልክ እፈልገዋለሁ ብላት፣ ልጁን የወለድኩት እኔ ልኩን የምትይዘው አንተ ብላ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። በሦስተኛው ቀን መለሰችልኝ። ዘርግቼ ሳየው መዳፍህ ላይ ሌላ መዳፍ አርፎበታል። አምስት ጣት፣ ከነመስመሩ፣ በሞራ የታተመ፤ ካንተ በአንድ አንጓ ይረዝማል። የግራ እጅ ነው።

ይህ ምንድን ነው አልኳት። ቅቤ ነክቼ ነበር አለች፣ ዓይኗን ከኔ ሰብራ። ቅቤና ሞራ የማይለይ አፍንጫ ይዤ አልተወለድኩም። እናትህ ደግሞ የቀኝ እጅ ሰው ናት። ግን ዝም አልኩ። በዕድሜዬ በጊዜው ዝም ያልኩት ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ የጭነት መኪና ረዳቱ ቢሻው ሰኞ በዚህ ያልፋል። ቀሰሞቹን፣ መወርወሪያዋንና እሾሆቹን በከረጢት ቋጥሬ እሰጠዋለሁ። መምቻው የለበትም። ይቅር በለኝ፤ ከዚህ በላይ ጉልበትም እንጨትም አላገኘሁም። እስከ ኅዳር ሚካኤል ከጓደኞችህ ተውሰህ እንደምንም ቦታህን ያዝ። አለቃህ ካስቸገረህ በአጎትህ አሳብብ፤ የለመድኩት ነው።

ድርህ አይበጠስ፣ ማግህ አይጠር። የሠራኸውን የሚታጠቅ ወገቡ አይታመም። የአገርህ ጊዮርጊስ በሰው አገር…

ቆይ፣ ውሻዬ ተነሣ። ሰው በመጣ ቁጥር ሰፈሩን በጩኸት የሚያፈርሰው ዛሬ ጅራቱን እየቆላ ወደ በር ሄደ። ቡችላ ሳለ ከማን ቤት እንዳመጣሁት ታስታውሳለህ።

አባትህ ነው። የበሩ ደፍ ላይ ቆሟል፤ ግባ ብለው አልገባም። ድግሩን ከጋቢው ሥር አውጥቷል፤ አንዱ ጫፍ ስንዝር ከአራት ጣት ያህል ለመምቻ ተጠርቦ ነጥቷል። የምጽፈውን ወረቀት አየና ከደፉ ሳይነቃነቅ የግራ እጁን ዘረጋ።

«ልኩን ወዲህ በል» አለኝ።

አጎትህ ክንዴ