ከቅቤው ጀርባ የቀረው የመጨረሻው ፊልም

ለተከበራችሁ የቀለም ፊልም ፋብሪካ ኃላፊዎች፣

ጤናችሁ እንደ ምርታችሁ ሳይታሰብ እንዳይቋረጥ እየተመኘሁ፣ ፊልም እንዳይበላሽብኝ በማስቀምጥበት በፍሪጃችን ውስጥ ከቅቤው ጀርባ አንድ ጥቅል ዘገምተኛ የስላይድ ፊልም ብቻ መቅረቱን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ።

እኔ የሰፈር ፎቶ አንሺ ነኝ። ፊልሙን ማምረት ለምን እንዳቆማችሁ ብጠይቅ፣ ዘመኑ የፍጥነት ስለሆነ ነው ብላችሁ መልሳችሁልኛል። መልሱ የደረሰኝ ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ በመሆኑ፣ ስለ ፍጥነት ያላችሁን ጥልቅ ዕውቀት ሳላደንቅ አላልፍም። ቅሬታዬ ግን የሚከተለው ነው።

1ኛ. ፊልማችሁ ብርሃን የሚቀበለው እንደ ይሉኝተኛ እንግዳ እየተግደረደረ ስለሆነ፣ የሚነሳው ሰው ትንፋሹን ውጦ እንደ ድንጋይ መቀመጥ ነበረበት። ሰፈሩ «እትዬ ሬዲዮ» የሚላቸው ለፍላፊዋ የሚስቴ አክስት በሕይወታቸው አፋቸውን የሚገጥሙት በዚህ ፊልም ፊት ብቻ ነበር። እኔም የተወለወለውን ሌንስ መልሼ እየወለወልኩ፣ የተሳበውን መጋረጃ መልሼ እየሳብኩ፣ ያቺን ዝምታ አስረዝማት ነበር።

2ኛ. አሁን የምትሸጡልን ፈጣን ፊልም የሚያወራውንም የሚያስነጥሰውንም ጥርት አድርጎ ያነሳል። እትዬ ይህን የሰሙ ዕለት «አንተ፣ ለካስ እያወሩ መነሳት ይቻላል!» ብለው የጀመሩት ወሬ፣ ይህን ስጽፍም አላለቀም።

3ኛ. ሚስቴ የእናንተ ወገን ናት። ፍሪጅ የቅቤ ቤት እንጂ የፊልም መጦሪያ አይደለም ትላለች።

የቀረችውን ጥቅል ለቅዳሜው የቤተሰብ ፎቶ አስቀምጫታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዝምታ የሚባል ነገር በቤታችን አይኖርም። ስለዚህ ማሽናችሁን ለአንድ ጠዋት ብቻ ብታስነሱልኝ፣ ለጥበቡ ባይሆን ለጆሮዬ ስትሉ፣ ውለታችሁን አልረሳም።

መልካሙን ሁሉ በጥንቃቄ መርጣችሁ ስለምታስቀሩልን በአክብሮት እጅ የምነሳ፣
በቆመ ፊልምና በማይቆም ወሬ መካከል የተያዘው ደንበኛችሁ

ማስተካከያ፦ የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ለሰፈሩ እንዲታይ በስቱዲዮዬ መስኮት ላይ ከመለጠፉ በፊት በእትዬ እጅ ስለገባ፣ በተራ ቁጥር አንድ «ለፍላፊ» የተባለው «አንደበተ ርቱዕ» ተብሎ እንዲነበብ ተወስኗል። ዝም ያሰኛቸው ፊልሙ ነው የተባለውም ስህተት ነው፤ ቀይ ሻሻቸውን በራሱ ቅላት የሚያወጣላቸው ሌላ ፊልም ስላልነበረ፣ ወደው ዝም ማለታቸው ተረጋግጧል። ከቅቤው ጀርባ አለ የተባለውም ጥቅል በአሁኑ ሰዓት በእትዬ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ወደ ፋብሪካችሁ በመጓዝ ላይ ይገኛል። ጉዳዩን በቃል ሊያስረዷችሁ ነው። የመመለሻ ቲኬት አልቆረጡም።