የኦዴት እጅ

እሁድ፣ ማርች 9

ሥራ የለም። ልብስ አጠብኩ። የጊታሬን ሁለት ክር ቀየርኩ። ሽሮ ጥጄ እሱን ስቃኝ አረረብኝ...

ሞንትሪያል ያሉት የፎክ ፌስቲቫል ሰዎች ባለፈው ወር የለቀቅኩትን ቪዲዮ አይተው «የኦዴት እጅ» የሚለውን ዘፈኔን ይዘሽ ነይ ብለዋል። ስድስት ዓመት በካፌ ጥግ፣ በቤተ መጻሕፍት አዳራሽ፣ በሠራተኞች ሰልፍ ላይ በፈረንሳይኛ ስዘፍን ኖሬ የመጀመሪያው ትልቅ መድረኬ ነው።

ከሰዓት ጎረቤቴ ምህረት ከቤተክርስቲያን ስትመለስ አንኳኳች።

«አንቺ፣ መዝሙራችንን ዘፈን አደረገችው እያሉሽ ነው። እውነት ነው?»

«የቱን መዝሙር?»

ስልኳን ሰጠችኝ፤ የመዝሙር ቪዲዮ ነው። ቃሉ ስለ ሰማይ ነው። ዜማው ግን የኔ! ትንፋሽ የምወስድበት ቦታ ሳይቀር የኔ። ሦስት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል። ከሥሩ «ዜማ፦ ቢሩክ» ይላል።

ረቡዕ፣ ማርች 12

ጥፋቱ የተጀመረው ኖቬምበር ላይ ነው። ቢሩክ ፎረስት ፓርክ ያለው የነምህረት ቤተክርስቲያን የድምፅ ባለሙያ ነው። ጓደኛዬ ነበር። «አዳራሹ ባዶ ነው፣ እዚህ ሪኮርድ አድርጊ» አለኝ። መድረኩ ላይ ስወጣ ግን ስለ መጋዘንና ስለ ማኔጀር የሚያወራ ዘፈን እዚያ ማውጣት ከበደኝ። ማንም አልከለከለኝም። ቤቱን አክብሬ ቃሉን ዋጥኩና ዜማውን ብቻ አንጎራጎርኩ። ለማን ብዬ? ፈረንሳይኛ የሚሰማ አንድ ሰው አልነበረም! በሕይወቴ አንድ ቀን ቃሌን ብውጥ...

ዛሬ ኮል አደረግኩለት።

«እፁዬ፣ ቃል አልነበረውም እኮ። ቃሉን ጌታ ሰጠኝ።»

«ዜማውንስ ማን ሰጠህ?»

«አንቺም ለጌታ የሰጠሽው መስሎኝ» አለ።

መስሎኝ! ዘጋሁበት።

ቅዳሜ፣ ማርች 22

ከሞንትሪያል ኢሜይል መጣ። ዘፈኑ ከቤተክርስቲያን የተወሰደ ነው፣ መዝሙሩ ከኔ ቪዲዮ ቀድሞ ወጥቷል ብሎ አንድ ሰው ጽፎላቸዋል። ወይ ማስረጃ አምጪ፣ ወይ ሌላ ዘፈን ይዘሽ ነይ ይላል። የተሰረቅኩት እኔ፣ ሌባዋም እኔ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5

ሽምግልና። ሬይኖልድስበርግ፣ ጋሼ ሀይሉ ቤት። የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው። ቢሩክም ነበር፤ ዓይኑን ከምንጣፉ አላነሳም።

ወረቀት አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ዜማው የኔ መሆኑን ይመሰክሩልኛል። እኔ ደግሞ በፈቃዴ ለአገልግሎት እንደሰጠሁት እፈርማለሁ፤ ከእንግዲህም «በፖለቲካ ቃል» አልዘፍነውም።

«ልጄ፣ ስንት ሰው እየተጽናናበት ነው። ምን ጎደለብሽ?»

«ስሜ፣ ጋሼ።»

«ስምሽንማ እናስገባለን አልን እኮ።»

«የኦዴትስ?»

«ኦዴት ደግሞ ማን ናት?»

ነገርኳቸው። ኮንጎአዊት ናት። ኦቤትስ ባለው መጋዘን አጠገቤ ትሠራ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ማሽኑ ሁለት ጣቷን ወሰደው፤ በወሩ አባረሯት። ፈረንሳይኛ ስለምችል ሐኪሙ ጋ ያስተረጎምኩላት እኔ ነኝ። ዘፈኑ የዚያን ቀን ንግግሯ ነው። ቃሉን ከሸጥኩ እሷን ሸጥኳት ማለት ነው፣ አልኳቸው።

ጋሼ ሀይሉ እስክሪብቷቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። «ትዕቢተኛ ነሽ» አሉኝ።

ልሁን። አልፈረምኩም።

እሁድ፣ ኤፕሪል 6

ልነግራት ኦዴት ጋ ሄድኩ። በተረፉት ጣቶቿ ፕላንቴን የሚሉትን ሙዝ እየላጠች ነበር። ሽምግልናውን፣ ወረቀቱን፣ እምቢ ማለቴን በደስታ ተረኩላት። ታቅፈኛለች ብዬ ነው መሰለኝ።

ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እኔንስ ጠይቀሽኝ ነበር?»

«ምኑን?»

«አስተርጓሚዬ ነበርሽ። ለሐኪም የነገርኩትን ነው የዘፈንሽው። ከድንጋጤ የተነሳ ሽንቴ እንዳመለጠኝ እንኳ አላስቀረሽም። በስሜ! ቪዲዮሽን ትምህርት ቤት ለልጄ አሳይተዋታል። ሥራ ልጠይቅ ስሄድ የዘፈኗ ሴትዮ ይሉኛል።»

«ታዲያ ለምን ሳትነግሪኝ...»

«ደስ ብሎሽ ነበራ።»

ዝምታዋን ኩራት ነው ብዬ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

ቢሩክ ሦስቴ ደወለ። አላነሳሁም። ምን ብዬ ልቆጣው?

ቅዳሜ፣ ሜይ 10

ከሺፍት ስወጣ ቢሩክ መኪናዬ ጋ ቆሞ ጠበቀኝ። ከመዝሙሩ ቪዲዮ ሥር ስሜን አስገብቷል። ሽማግሌዎቹን ሳይጠይቅ።

«ሰርቀኸኛል» አልኩት።

«አዎ።»

ይህን ቃል ስንት ቀን ስጠብቀው ነበር! ሲመጣ ግን አልቀለለኝም። አሁንም ሌባ ነው፤ ሐሳቤን አልለወጥኩም። እኔ ግን ምንድን ነኝ?

ማታ ለኦዴት ደወልኩ። ስሟን ከዘፈኑ ባወጣ፣ የሽንቱንም ነገር ባወጣ... ይሆናል ወይ?

«አይሆንም» አለች። «ስሜን ብታወጪም ጣቴ የኔ ነው።»

እሁድ፣ ጁላይ 13

ትናንት ከሞንትሪያል ተመለስኩ። ቢሩክ ካመነ በኋላ ማስረጃ ነበረኝ። ያለ ጭቅጭቅ ልዘፍነው እችል ነበር። ሌሎች አራት ዘፈኖች ዘፈንኩ። ጥሩ አልነበሩም፤ ሰዉም አወቀ። መጨረሻ ላይ ከፊት አንዱ «የኦዴት እጅ!» ብሎ ጮኸ።

«አልዘፍነውም» አልኩ። «የሷ ነው። አልሰጠችኝም።»

አንድ ሽማግሌ ተነስቶ አጨበጨበ። ተከተሉት። ጀግንነት መሰላቸው። እኔም እጅ ነስቼ ወረድኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዘፈንኩት አልነገርኳቸውም። ቢያንስ እዚህ ልጻፈው፦ ያ ጭብጨባ ጣመኝ።

የዘፈኑንም ቪዲዮ ያጠፋሁት ዛሬ ነው። ኤፕሪል ላይ ማጥፋት እችል ነበር። እስከ ፌስቲቫሉ አቆየሁት። ለምን? ለምን እንደሆነማ አውቃለሁ።

ለኦዴት «አጠፋሁት» ብዬ ጻፍኩላት።

«አየሁ» አለች። ሌላ የለም።

ሌላ እንዲመጣ ስልኩን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ይቅር ብዬሻለሁ እንድትለኝ። ከዚያ ከኤፕሪል ጀምሮ የተጻጻፍነውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ምክንያት አለ። ማብራሪያ አለ። ልመናም አለ። ይቅርታ የሚል ቃል ከኔ በኩል አንድም ቦታ የለም።