ስለላክኸው ዴክና እማዬን ስላስለቀሳት ማለዳ

ይድረስ ለወንድሜ ለአጵሎስ፣ ደቡብ አፍሪካ

ወንድሜ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመምስ ተሻለህ? ሚስትህ ራሔል አገሩን ለመደችው? ሱቁስ ሰላም ነው? እናንተ ጋ ብርዱ ገብቷል ሲሉ ሰምቼ ወፍራም ነገር ትለብስ ይሆን ብዬ አስባለሁ። እኛ በጌታ ቸርነት አለን። ዝናቡ በጊዜው መጥቷል፣ እንሰቱም ደህና ነው። እኔም ከደም ግፊቱ በስተቀር ምንም አልልም፤ እሱም የባሰብኝ በዚህ ሳምንት ነው። ስልክህ ከተዘረፈ ወዲህ ስለማይሠራ ምክንያቱን በወረቀት እነግርሃለሁ። ተረፈ ነገ ሲመለስ ይዞልህ ይመጣል።

እንዳይምታታብኝ በተራ ላስቀምጠው። አንደኛ፣ በተረፈ እጅ የላክኸው ዴክ ሳይሰበር ደርሷል። ሁለተኛ፣ የሰርግህ ሲዲም ደርሷል፣ ጭረት የለበትም። ሦስተኛ አንድ ነገር ነበረኝ፣ ጠፋብኝ። ሲመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

የእማዬ ዓይን እየባሰ ነው። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እንጠብቅ ነው ያለን። ስልክ ላይ ፎቶህን ስናሳያት ጥላ ብቻ ነው የሚታየኝ ትላለች። በትልቁ ቲቪ ትየኝ ብለህ ጥራት ያለውን ዕቃ በመላክህ ጥሩ አስበሃል። ዓይኗ ሳይጨልም ልጇን ትየው ብዬ እኔም ቸኮልኩ።

ታዲያ የሰርግህን ነገር ብቻችንን ማየት ነውር መሰለኝና ጸልየው ያስጀምሩን ብዬ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን ጠራሁ። መብራት ከረፋዱ በኋላ ስለሚጠፋ ጠዋት በአንድ ሰዓት ኑ አልኳቸው። ለእማዬ ድንገት ደስ ይበላት ብዬ አልነገርኳትም። ባለቤቴ ወይንሸት በማለዳ ተነስታ ቅቤ አቅልጣ ከቡላው አተካና ሠራች። እኔ ደግሞ ከዴኩ ጋር ስታገል ነበር።

ከዴኩ ጋር የመጣው ገመድ አንድ ነው፣ ሁለቱም ጫፉ አንድ ዓይነት ነው። የትኛው መግቢያ፣ የትኛው መውጫ እንደሆነ በምን ይታወቃል? እኛ ቤት ምስል የሚመጣው ከዲሽ ወደ ሪሲቨር፣ ከሪሲቨር ደግሞ ወደ ቲቪ ነው። ሪሲቨሩ ከቲቪው ጋር የተገናኘው በድሮዎቹ ባለ ሦስት ቀለም ገመዶች ነው፤ ከኋላው ግን ለአንተ ገመድ ልክ የሆነች ባዶ ቀዳዳ አለችው። ያለ ሪሲቨር ምስል ከየት ይመጣል ብዬ አንዱን ጫፍ ዴኩ ላይ፣ ሌላውን እዚያ ሰካሁት። ሦስተኛው አሁን ትዝ አለኝ፤ የዴኩ ሪሞት ባትሪ አልነበረውም፣ ከግድግዳ ሰዓቱ አውጥቼ ከተትኩለት። ከዚያ ሲዲውን አስገብቼ ቲቪውን ኤችዲኤምአይ የሚለው ላይ አደረግኩት። ሲግናል የለም አለኝ።

እኛ አገር ሲግናል የለም ከተባለ መድኃኒቱ ዲሽ ማዞር ነው። ጎረቤታችን ፈትሁዲን ጣሪያ ላይ ወጣ። “መጣ?” ይላል ከላይ። “አልመጣም!” እላለሁ ከታች። “አሁንስ?” “ኧረ አልመጣም፣ ወደ ግራ በለው!” ቆርቆሮው ይንኳኳል። በዚህ መሐል ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ምስሉ እስኪመጣ እንጸልይ አሉና ተነስተው አንገታቸውን ደፉ። አቶ ጴጥሮስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ጌታ ሆይ፣ በባዕድ አገር ያለውን ወንድማችንን አጵሎስን በእጅህ አደራ እንሰጣለን” አሉ።

እማዬ ከጓዳ የወጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ሽማግሌ በማለዳ፣ ጸሎት፣ የአንተ ስም። በሩን ይዛ ቆመችና በሐዲይኛ ቀስ ብላ “ልጄን የት ቀበራችሁት?” አለችኝ።

ቲቪ ልናይ ነው አልኳት። ጥቁሩን ቲቪ አይታ ጮኸች። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ መጣ። ፈትሁዲን ከጣሪያ ላይ “ማን ሞተ?” ይላል። ወይንሸት ወጥ ቤት ጎትታኝ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ሽማግሌ በዚህ ሰዓት ለምን ሰው ቤት እንደሚገባ አገር ያውቃል፤ አንተ ብቻ ነህ የማታውቀው? መርዶ ነጋሪ ሰብስበህ ሰርግ ትላለህ?” አለችኝ። ወንድሜ፣ እኔ ያሰብኩት ስለ መብራቱ ብቻ ነበር።

ስልክህን ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ተረፈ በዓይኑ አይቶት ነው የመጣው፣ ደህና ነው ብላት፣ “ደህና ነው ማለት የመርዶ መጀመሪያ ነው፤ ለጎረቤታችንም ልጇ ደህና ነው ሲሏት ነው የከረሙት” አለች። የስንቱን እናንተ ጋ የሄደ የሰፈራችን ልጅ መርዶ በዚህ ዓይነት ነው የሰማነው።

ወይንሸት በንዴት፣ ቢያንስ ያንን ነገር ከሪሲቨሬ ላይ ንቀልልኝ አለች። ነቀልኩ። ጫፉ እጄ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የት እንደማስቀምጠው ሲጠፋኝ እንዳይወድቅ ብዬ ቲቪው ጀርባ ያገኘሁት ቀዳዳ ውስጥ ወሸቅኩት። ወዲያው ቤቱ በዘፈን ተናወጠ። አንተ ከነሱፍህ ከነአበባህ ወጣህ።

እማዬን ቲቪው ሥር አስቀመጥናት። ሽማግሌዎቹ ይሄውልሽ፣ ይሄ ነው እያሉ ቢጠቁሟትም አንተና ሚዜዎችህ ሁላችሁም አንድ ዓይነት ለብሳችኋል። “ሁሉም ጥቁር ነው፣ የሌላ ሰው ልጅ አሳይታችሁ አታታልሉኝ” አለች። ለቅሶው ሊቀጥል ነው ብዬ ሳለሁ ኬኩ ተቆረሰና ራሔልን አጎረስካት። እማዬ ወደ ፊት ተሳበች። “በግራው ነው ያጎረሳት!” አለች። “ስንቴ በማማሰያ መትቼዋለሁ፣ ዛሬም በግራው! ግራኙ ልጄ ነው!” ስትስቅ እንባዋ ይወርዳል። ለለቅሶ የመጡት ሴቶች እልል አሉ። አተካናውም ከስንት መከራ በኋላ ተበላ።

አሁን የምጠይቅህ ይሄን ነው። ዲሹ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ዞሮ፣ ሪሲቨሩም ጠፍቶ አንተ እንዴት መጣህ? ፈትሁዲንም እኔም አልገባንም። ገመዱን ማንም እንዳይነካው ብዬ በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። የወይንሸት የመዝሙር ቻናል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የለም፣ ቤት ውስጥ ሰላም የለኝም።

ይሄ ሁሉ ይቆይ። ማታ እማዬ ጠራችኝና ይሄ ሰርግ መቼ ነበር አለችኝ። ጥር ላይ አልኳት። በጣቷ ቆጠረችና፣ “አሁን ግንቦት ነው። ጥር ላይ ደህና ነበር። ዛሬስ?” አለች። ደህና ነው አልኳት፣ ወጥቼ ግን ስልክህን እንደገና ሞከርኩት። ስለ ገመዱ የማትመልስልኝ ከሆነ ይቅር። ይህ ወረቀት እንደደረሰህ ከሰውም ስልክ ተውሰህ ቢሆን ደውል።

ወይንሸት ለአንተም ለራሔልም ሰላም ብላለች። ከልጆቹ ሐዳሳ ፈተናዋን ጨርሳለች፣ ትናፍቅሃለች። ሆሴዕ የኳስ ጫማ ላክልኝ በልልኝ ብሏል፣ አልሰማሁም በለው። ፈትሁዲን እግሩን ቆርቆሮ ጫር አድርጎታል፣ ደህና ነው፣ እንኳን ደስ አለህ ይልሃል። እማዬን ምን ብዬ ሰላም ልበልልሽ ብላት፣ “ሰላምታዬን ራሱ ደውሎ ይውሰድ” አለችኝ።

ወንድምህ ሽብሩ
ሆሳዕና፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.